«እየሠራ ነው» የሚባለው የሆድ መነፋት ለማን ይሠራል?

ዕቃ ገዝቶ ጉድለት ያገኘበት ሰው ወደ ሻጩ ይመለሳል። ጫማው ከጠበበው ያስቀይራል፤ ሬዲዮው ካልሠራ ገንዘቡን ይጠይቃል። በአንድ ዕቃ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኗል። ፕሮባዮቲክ የሚባለውን ካፕሱል ወይም ዱቄት ገዝቶ መውሰድ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሆዱ ተነፍቶ፣ ጮኾና ቆርጦት ወደ ሻጩ ቢመለስ የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ «አይዞዎት፣ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ እንዳያቋርጡ» የሚል ነው። የገዢው ቅሬታ የዕቃው ጥራት ማረጋገጫ ሆኖ የሚቀርብበት ሌላ ንግድ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ መልስ በገንዘብ የሚተመን ዋጋ እንዳለው ልብ ሊባል ይገባል። ብልቃጡ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ወር የሚሆን ነው። የሆድ ሁከቱ የሚመጣው ደግሞ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ገዢው እዚያው ላይ ካቆመ ሁለተኛው ብልቃጥ አይሸጥም። ስለዚህ «ይታገሡ» የሚለው ምክር ለሆድም ለንግድም የሚሠራ ምክር ነው። ምክሩ ሁልጊዜ ውሸት ነው ማለት ግን አይደለም። የትኛው ሁከት ትዕግሥት እንደሚገባው፣ የትኛው ደግሞ ብልቃጡን አስቀምጦ ሐኪም ዘንድ እንደሚያስኬድ ለይቶ ማወቅ የገዢው ፋንታ ነው።

ዕቃው ምንድን ነው?

በፓሪስ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኤልያስ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1907 የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የሚረዝመው የረጋ ወተት ስለሚጠጡ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱ ግን ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ላደረገው ምርምር እንጂ ለወተቱ አልነበረም። በጃፓን ሚኖሩ ሺሮታ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930 አንድ የባክቴሪያ ዝርያ ለይቶ አወጣ፤ በ1935 ያኩልት የተባለው መጠጥ ለገበያ ቀረበ። የዛሬው ሰፊ ንግድ መነሻው ይኸው ነው።

የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በሰጡት ትርጉም መሠረት፣ ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና ጥቅም የሚሰጥ ሕይወት ያለው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሕይወት ያለው፣ በቂ መጠን፣ የተረጋገጠ ጥቅም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ገዢው የከፈለው ለስሙ ብቻ ነው።

ሆድ ለምን ይነፋል?

በትልቁ አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። ከሥራቸው ዋነኛው ከላይ ሳይፈጭ የወረደውን ምግብ ማብላላት ነው። ማብላላት ካለ ደግሞ ጋዝ አለ፤ ሊጥ አቡክታ ያሳደረች ወይም ጠላ የጠነሰሰች ሴት ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋትም። በአንጀት ውስጥም የሚወጣው ሃይድሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንድ ሰው ላይም ሚቴን ነው።

አዲስ ባክቴሪያ በብዛት ሲገባ ይህ የማብላላት ሥራ ለጊዜው ሊለወጥ ይችላል። ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ሰገራ ይቀጥናል ወይም ይደርቃል። ሳካሮማይስስ ቡላርዲ የተባለው የእርሾ ዓይነት በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሆድ ድርቀትና የውኃ ጥም ያመጣል። እንዲህ ያለው ቀላል ሁከት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት፣ ቢዘገይም በሁለት ሳምንት ገደማ ይበርዳል። እንግዶቹ ባክቴሪያዎችም በአብዛኛው ቤት ሠርተው አይቀመጡም፤ መውሰዱ ሲቆም ቀስ በቀስ ይወጣሉ።

ሆኖም ጋዙ ከባክቴሪያው ላይመጣ ይችላል። ብዙ አምራቾች ለባክቴሪያው ቀለብ ይሆን ዘንድ ኢኑሊን ወይም ፍሩክቶኦሊጎሳካራይድ የሚባል የአሠር ዓይነት በካፕሱሉና በዱቄቱ ውስጥ ይጨምራሉ። እነዚህ በትንሹ አንጀት ስለማይፈጩ ትልቁ አንጀት ደርሰው ይብላላሉ፤ ሆደ ስስ የሆነን ሰውም በቀላሉ ይነፉታል። በሚታኘከው ዓይነት ውስጥ እንደ ሶርቢቶል ያለ ማጣፈጫ ይኖራል። በአንዳንዱ ደግሞ የወተት ስኳር አለ።

የነጋዴው መልስ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ኢኑሊን ያለበት አንድ ብልቃጥ በሙቀት ተበላሽቶ ባክቴሪያው በሙሉ ሞቷል እንበል። ኢኑሊኑ ግን አልተነካም፤ ገዢው ሲውጠው የራሱ የአንጀት ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ሆዱ ይነፋል። የሞተ ዕቃ እንኳ ሆድ ሊነፋ ከቻለ፣ የሆድ መነፋት ለዕቃው ሕያውነትም ሆነ ለጠቃሚነቱ ማስረጃ አይሆንም። በሌላ በኩል፣ በምርምር ወቅት ሳያውቁ ባዶ ካፕሱል የተሰጣቸው ሰዎችም ጋዝና ቁርጠት እንደተሰማቸው ሲናገሩ ይገኛል።

«መርዙ እየወጣ ነው»

ሌላው የሚሰማው ማብራሪያ መጥፎዎቹ ባክቴሪያዎች እየሞቱ መርዝ ስለሚለቁ ነው ሕመሙ የመጣው የሚል ነው። ይህ አባባል ከእውነተኛ ሕክምና የተዋሰ ነው። ያሪሽና ሄርክስሃይመር በተባሉ ሐኪሞች ስም የሚጠራ እንዲህ ያለ ሁኔታ በርግጥ አለ፤ ለአገራችን ሐኪሞችም እንግዳ አይደለም። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት የያዘው ሰው አንቲባዮቲክ ከተሰጠው በኋላ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ይነሣበታል፤ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ይህን ለመከላከል አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1996 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ታትሟል።

እንግዲህ እውነተኛው ነገር ይህን ይመስላል። የሚመጣው በደም ውስጥ ያለ ተሕዋስ በአንቲባዮቲክ ሲገደል ነው፤ ምልክቱ ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ ነው፤ ሐኪም ቤት ክትትል ያስፈልገዋል። ካፕሱል ውጦ ለሁለት ሳምንት ሆድ መነፋት ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የውጭዎቹ ገበያዎች ምን ይላሉ?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ ተጨማሪ ምግቦች ገበያ ከመግባታቸው በፊት ፈዋሽነታቸውን ለመንግሥት እንዲያስመሰክሩ አያስገድድም። ይህ ማለት ግን እንደፈለጉ ማውራት ይቻላል ማለት አይደለም። ዳነን የተባለው ታዋቂ እርጎ አምራች አክቲቪያና ዳንአክቲቭ ስለተባሉት ምርቶቹ የተጋነነ ማስታወቂያ አሰምቷል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቶ አባባሉን አንሥቷል፤ ለ39 ክፍላተ አገርም 21 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

አውሮፓውያኑ ደግሞ ጠበቅ ያሉ ናቸው። የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣናቸው ስለ ፕሮባዮቲክ የቀረቡለትን የጤና አባባሎች በአብዛኛው ውድቅ አድርጓል። ካለፉት ጥቂቶች ዋነኛው በሕያው ባክቴሪያ የረጋ እርጎ የወተት ስኳር ለማይፈጭለት ሰው ያግዛል የሚለው ነው።

የአሜሪካ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአብዛኞቹ የሆድ በሽታዎች ፕሮባዮቲክን ለመምከር በቂ ማስረጃ አለመኖሩን ገልጿል። ድጋፍ የሰጠው አንቲባዮቲክ የሚወስዱ ሰዎችን ከአንድ የተቅማጥ ዓይነት ለመጠበቅና ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ለመሳሰሉት ውሱን ጉዳዮች ሲሆን፣ እሱም ለተወሰኑ ዝርያዎች ብቻ ነው። በሕፃናቱ ጉዳይ ላይም ቢሆን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ብርቱ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ጉዳት የለውም የሚባለውም ለሁሉም አይሠራም። በኔዘርላንድ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በጽኑ የቆሽት ሕመም በተኙ ሰዎች ላይ ፕሮባዮቲኩን ሞክሮ ነበር። ከተሰጣቸው 152 ሕሙማን 24ቱ ሞቱ፤ ባዶ መድኃኒት ከተሰጣቸው 144 ግን የሞቱት 9 ናቸው። ለጤነኛ ሰው ጋዝ ብቻ የሚያመጣ ዕቃ ለጽኑ ሕመምተኛ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

በእኛ ገበያ

ዕቃው ወደ አገራችን የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በአስመጪና በመድኃኒት ቤት በኩል ሲሆን፣ ሌላው ከአሜሪካና ከዱባይ በሚመጡ ዘመዶች ሻንጣ ነው። የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው። በሕጋዊ መንገድ የገባ ዕቃ ችግር ቢያመጣ ስሙ የሚታወቅ አስመጪ አለው፤ በሻንጣ የመጣው የለውም። ከዚህም ሌላ ሕይወት ያለው ዕቃ ሙቀት አይወድም። በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የዋለ ወይም ድሬዳዋና ሰመራን በመሰለ ቆላ ያለ ማቀዝቀዣ የከረመ ብልቃጥ በውስጡ ምን ያህል ሕያው ባክቴሪያ እንደቀረው በዓይን አይለይም።

«እኛ እንጀራና እርጎ እያለን ይህን ለምን እንገዛለን?» የሚሉም አሉ። የእንጀራ እርሾ ሕያው ነው፤ ነገር ግን ምጣድ ላይ ሲወጣ ባክቴሪያው በሙቀት ይሞታል። እንጀራ ጥሩ ምግብ ነው፣ ፕሮባዮቲክ ግን አይደለም። እርጎ ሕያው ባክቴሪያ አለው፤ ዋጋውም ከካፕሱሉ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሁን እንጂ ካልፈላ ወተት የረጋ ከሆነ እንደ ብሩሴሎሲስ ያለ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ፈልቶ ቀዝቅዞ የረጋው ይመረጣል።

ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት ግን ሌላ ነው። በአገራችን ለሳምንታት የሚቆይ የሆድ መነፋትና የሰገራ መቅጠን ምክንያቱ ጃርዲያ ወይም ሌላ የአንጀት ጥገኛ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው የሰገራ ምርመራ በአነስተኛ ክሊኒክ እንኳ ይሠራል። «እየሠራ ነው» በሚል ተስፋ ሁለተኛና ሦስተኛ ብልቃጥ የሚጨርስ ሰው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ የሕክምና ጊዜውንም ጭምር ነው።

ገዢው ምን ያድርግ?

1ኛ. ማሸጊያውን ያንብቡ። የባክቴሪያው ሙሉ ስም እስከ ዝርያው፣ ለምሳሌ ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ ተብሎ መጻፍ አለበት። ሲኤፍዩ በሚል የሚጠቀሰው የሕያዋኑ ቁጥር «እስከ አገልግሎት ማብቂያው» የሚል ከሆነ ጥሩ ነው፤ «በተመረተበት ጊዜ» የሚል ከሆነ ዛሬ ስንት እንደቀረ አያውቁም።

2ኛ. በቁጥር ብዛት አይታለሉ። ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 10 ቢሊዮን ይይዛሉ፤ 50 ቢሊዮንና ከዚያ በላይ የያዘውም አለ። የበለጠ ቁጥር የበለጠ ጥቅም ማለት አይደለም። ሆድዎ በቀላሉ የሚረበሽ ከሆነ አነስተኛውንና ኢኑሊን የሌለበትን ያስቀድሙ።

3ኛ. ሌላ ነገር አብረው አይለውጡ። ጾም ሲገባ፣ ሽሮና ባቄላ በበዛበት ሰሞን የጀመረ ሰው ሆዱን የነፋው የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

4ኛ. ለትዕግሥትዎ ቀን ይቁረጡለት። ሁከቱ ቀላል ከሆነ በየሁለት ቀኑ እየወሰዱ ይሞክሩ። በሁለት ሳምንት ካልበረደ ያቁሙ። ሲያቆሙ ከተሻለዎት መልሱን አገኙ ማለት ነው። አቁመውም ካልተሻለዎት ይመርመሩ።

5ኛ. ትኩሳት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የክብደት መቀነስ ካለ አንድ ቀንም አይጠብቁ። የመከላከል አቅማቸው የደከመ፣ ሆስፒታል የተኙ ሰዎችና ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊወስዱት አይገባም።

6ኛ. ለምን እንደሚገዙት አስቀድመው ይወስኑ። ለተወሰነ ችግር ከሆነ በአንድ ወር ውስጥ ምን መሻል እንዳለበት ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ወሩ ሲያልቅ የተጻፈው ካልተሻለ ለሁለተኛው ብልቃጥ የሚከፈልበት ምክንያት የለም።

ነጋዴው ዕቃውን ማመስገኑ የቆየ ልማድ ነው፤ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕመምን እንደ ምስክር የሚቆጥር ሻጭ ሲያጋጥምዎት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፤ «የማይሠራ ቢሆን ኖሮ በምን አውቅ ነበር?» ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ቢያቆዩት ይሻላል።