ዩኒፎርሙ ሲያጥር

በካባላጋላና በካንሳንጋ የምንኖር ወላጆች የምናውቀው ነገር ነው። አገር ቤት 6ኛ ክፍል ደርሶ የመጣ ልጅ እንግሊዝኛው አልደረሰም ተብሎ ፕራይመሪ 3 ወይም 4 ይገባል። ትምህርቱ ቀስ በቀስ ይስተካከላል፤ ሰውነቱ ግን ክፍል አይጠብቅም። የ13 ዓመቷ ልጅ ከ9 ዓመት ሕፃናት ጋር ስትቀመጥ፣ ጡት ያጎጠጎጠች እሷ ብቻ ትሆናለች። ይስቁባታል፣ ትከሻዋን ሰብስባ መሄድ ትጀምራለች፣ ቀጥሎ "አሞኛል" እያሉ መቅረት ይመጣል። እኛም ወባ ነው ብለን ለምርመራ እንሮጣለን!

ለውጡ በሴቶች ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የወር አበባ የሚመጣው ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ "ድንገት መጣባት" ማለት ብዙም አያስኬድም፤ ለመንገር ጊዜ አለ። ወንዱ ዘግየት ብሎ ይነሳል፤ ከተነሳ ግን በአንድ ዓመት 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊመዘዝ ይችላል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ እንጀራም አይበቃው። የብዙ ወንዶች ልጆች ጡት ትንሽ ያብጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ዓመት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ልጁ ግን አፍሮ ለማንም ስለማይናገር ብቻውን ይጨነቃል።

ከተባለው ዕድሜ በፊት የጀመረ ወይም ዕድሜው አልፎ ምንም ምልክት ያላሳየ ልጅ ሐኪም ይየው። ምግብ ለረጅም ጊዜ ያጠረው ልጅም ሊዘገይ ይችላል። ታዲያ የልደት ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ተናገሩ፤ በኛው ከሆነ ልጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት አርጅቶ ካርድ ላይ ይጻፋል።

በባጋንዳ ዘንድ ይህን ለልጅቷ የምትነግራት ሴንጋ የምትባል የአባቷ እህት ናት (ከኛ ሰንጋ ጋር አይምታታ)። የኛ ልጆች አክስት አገር ቤት ቀርታለች። አባት ብቻውን የሚያሳድግ ከሆነ የሚያምናትን ጎረቤት ቀድሞ ይጠይቅ።

ሞዴስ በየወሩ ወጪ ነው። የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲው ሙሴ ሙሳዚ ከደንገልና ከወረቀት ማካፓድ የሚባለውን ፈልስፈው፣ በኪያካ 2 የስደተኞች ሰፈር ስደተኞች ራሳቸው ሲያመርቱት ነበር፤ ደንገሉ ያው የጣና ታንኳ የሚሠራበት ነው። ለማይችል ንጹሕ ጥጥ ጨርቅ፣ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይሆናል። አንዱን ከሹራብ ጋር በቦርሳዋ ክተቱላት።

ዩኒፎርም ስታሰፉም ጫፉ ላይ ሦስት ጣት ትርፍ እንዲታጠፍ ለሰፊው ንገሩት፤ ተርሙ ሳያልቅ ትፈቱታላችሁ።