በሐሩር ወራት ሕፃንን ስለ መጠበቅ

መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ ቆላ ስለ ሆነ፣ ከየካቲት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ሙቀቱ እጅግ ይበረታል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ይህን ለመተማ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ትልቅ ሰው ሲሞቀው ጥላ ይፈልጋል፣ ሲጠማው ይጠጣል። ሕፃን ከለቅሶ በቀር መናገሪያ የለውም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝን ልንገራችሁ። እናት በቀትር ልጇን በነጠላ፣ በዚያም ላይ በጋቢ ጠቅልላ ታመጣዋለች። «ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ስላት «ምች እንዳይመታው ብዬ ነዋ!» ትለኛለች። አሳቧ ደግ ነው። ዳሩ ግን የሰው ገላ የሚቀዘቅዘው ላቡ ነፋስ አግኝቶ ሲደርቅ ነው። በወፍራም ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን እንደ ተከደነ ድስት ይግላል። አንድ ስስ የጥጥ ልብስ ይበቃዋል፤ ከፀሐይ የሚያድነው ጥላ ነው። ሲታዘልም ፊቱ አይሸፈን። ገበያም ሆነ ወንዝ ለመውረድ ከጧቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ አይሰጠው። «በዚህ ሐሩር?» አትበሉኝ። የጡት ወተት ከመቶው 88 ያህሉ ውሃ ነው። በሙቀት ጊዜ ቶሎ ቶሎ፣ ሌሊትም ጭምር አጥቡት፤ እናቲቱም አብዝታ ትጠጣ። ከጓንግ የተቀዳ ወይም ከአሸዋ ተቆፍሮ የወጣ ውሃ ግን ተቅማጥ ያመጣበታል፤ በሐሩር ላይ ተቅማጥ ሲጨመር ሕፃን በአንድ ቀን ሊደክም ይችላል። ስድስት ወር ያለፈው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በመድኃኒት የታከመ ውሃ ይጠጣ፤ እንስራውም ክዳን አይጣ።

የሕፃኑ እርግብግቢት ሲጎደጉድ ቅቤ የሚያደርጉበት አሉ፤ አልጠባም ሲል ደግሞ «እንጥሉ ወርዷል» ብለው የሚያስቆርጡ አሉ። ይህ ፈጽሞ አይደረግ፤ ደም ያፈሰዋል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። እርግብግቢቱ የጎደጎደው ገላው ውሃ ስላጣ ነው። ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም፣ ሽንቱም ያንሳል። አንዱን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ስጡት፤ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ቀጥሉ። ያደረ ብጥብጥ ይደፋ። ከረጢቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሁን፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳልና በእጅ አትገምቱ። ጡቱም አይቋረጥ። እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ፀሐይ የመታው ሰው፣ ልጅም ቢሆን ትልቅ፣ ገላው ይነዳል፣ ይዘባርቃል፣ አንዳንዱም ይንዘፈዘፋል። ወደ ጥላ አግቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በውሃ አርጥባችሁ አራግቡለት፤ ፈጥናችሁም ወደ ሐኪም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አታፍስሱ።

ትኩሳት ሁሉ ግን የፀሐይ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ደንቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ በመተማም ወባ ዛሬም አለች። ትኩሳት የያዘውን ልጅ በዳማከሴ እያሹ ሦስት ቀን ማቆየት አደገኛ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይመርመር።

ሙቀቱ ሲከብድ ደጅ መተኛት ልማዳችሁ ነው፤ እኔም ከደጋ መጥቼ ለመድሁት። ነገር ግን በወባ ትንኝ ላይ ካላዛር የምታመጣው የአሸዋ ዝንብም በሌሊት ትነክሳለች፤ በተለይ ከግራር ሥርና ከተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር አጠገብ አትተኙ። አልጋውን ከዚያ አርቃችሁ፣ መድኃኒት የተነከረውን አጎበር በአራት እንጨት ወጥሩ፤ ጫፉም ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ይግባ።