12ኛው ወር የማን ነው?

12 ሰዎች በየወሩ 5 ሺህ ብር የሚጥሉበት እቁብ አለ እንበል። ዳኛው ስም የተጻፈባቸውን ወረቀቶች አጣጥፎ ቆርቆሮ ውስጥ ይከታል፤ ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጎ አንዱን ያወጣል። እጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ 60 ሺህ ብሩን ይቀበላል፤ ስሙም ከቆርቆሮው ይወጣል። ሌሎቹ «ዛሬም አልደረሰኝም» እያሉ ይበተናሉ።

«የእኔ በስንተኛው ወር ይወጣ ይሆን?» መልሱ ከ1 እስከ 12 ካሉት ቁጥሮች አንዱ ነው፤ ሦስት ተኩልኛ የሚባል ወር የለም። እጣው እስኪወጣ የማይታወቅ፣ አንድ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር እንዲህ ያለ ቁጥር በስታትስቲክስ ዲስክሪት ራንደም ቫሪያብል ይባላል። እያንዳንዱን ቁጥር ከነዕድሉ የሚያሰልፈው ሰንጠረዥ ደግሞ የፕሮባቢሊቲ ስርጭቱ ነው። ሰንጠረዡ ሁለት ሕግ አለው፦ የትኛውም ዕድል ከዜሮ አይወርድም፤ ሁሉም ሲደመሩ ልክ 1 ይሆናሉ።

እስቲ እንሙላው። በመጀመሪያው ወር የመውጣት ዕድል 1/12 ነው። ሁለተኛው ወር ላይ 11 ወረቀት ብቻ ስለሚቀር ዕድሉ የጨመረ ይመስላል። ነገር ግን እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ በአንደኛው ወር መቅረት ያስፈልጋል፤ የዚህ ዕድል 11/12 ነው። 11/12 በ1/11 ሲባዛ ተመልሶ 1/12 ይሆናል። ሦስተኛውም፣ አሥራ ሁለተኛውም እንደዚያው። ስርጭቱ እንደ ሜዳ የተስተካከለ ነው፤ የእቁብ ፍትሕም ይኸው ነው።

አማካዩ 6.5 ይመጣል። በ6.5ኛው ወር እቁብ የበላ ሰው ግን ታይቶ አይታወቅም። አማካይ ሚዛኑ የት እንዳረፈ ይናገራል እንጂ የስርጭቱን መልክ አያሳይም።

አሁን ከ12ቱ እጣ ሁለቱ የአንድ ሰው ይሁኑ። የመጀመሪያ እጣው በአንደኛው ወር የመውጣት ዕድሉ 11/66፣ በሁለተኛው 10/66 እያለ በ11ኛው ወር 1/66 ላይ ይደርሳል፤ በ12ኛው ዜሮ ነው። ሜዳው ቁልቁለት ሆነ። አማካዩ ግን ወደ 3.25 ሳይሆን ወደ 4.33 ገደማ ነው የወረደው፤ እጣን እጥፍ ማድረግ ጥበቃን በግማሽ አያሳጥርም።

ከእቁብ የራቁ ነገሮችም የየራሳቸው መልክ አላቸው። የስታትስቲክስ ባለሙያው ላዲስላውስ ቦርትኪየቪች በ1898 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በፕሩሲያ ጦር ውስጥ በፈረስ ርግጫ የሞቱ ወታደሮችን ቆጥሯል። የ10 ኮሮች የ20 ዓመት መዝገብ 200 መስመር ይሆናል፤ በጠቅላላው 122 ሰው ሞቷል። በ109ኙ መስመሮች የሞተ የለም፤ በ65ቱ አንድ፣ በ22ቱ ሁለት፣ በ3ቱ ሦስት፣ በአንዱ አራት ሰው ሞቷል። አራት ሰው በአንድ ዓመት የቀበረ ኮር አዛዡን ወይም ፈረሶቹን ቢረግም አይገርምም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፖይሶን በ1837 ያወጣው ቀመር ግን 122 ለ200 ሲካፈል የሚገኘውን 0.61 የሚለውን አማካይ ብቻ ይዞ 108.7፣ 66.3፣ 20.2፣ 4.1፣ 0.6 ይላል። ያ ክፉ ዓመት ከተራ አጋጣሚ የሚጠበቅ እንጂ የተለየ ምክንያት የሚሻ አልነበረም።

ወደ ቆርቆሮው እንመለስ። ዓመቱን ሙሉ ጥሎ በ12ኛው ወር የሚደርሰው እቁብተኛ «የእኔ ዕድል ጠማማ ነው» ማለቱ አይቀርም። ሰንጠረዡ ግን የመጨረሻውን መስመር ከመጀመሪያው እኩል 1/12 ብሎ የሞላው ገና አንድ ወረቀት ሳይወጣ ነው። አንድ ሰው እዚያ መቀመጡ የግድ ነበር፤ ያልታወቀው ስሙ ብቻ ነው።