ከመስቀያው የወረደው ቀሚስ

ጠዋት የሱቄን በር ስከፍት መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሐበሻ ልብስ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ ልማድ ሆኖብኛል። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማለዳ በሩን ስከፍት የመነን ቀሚስ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁ። አንገቱ ሰፊ ነው፤ ጥልፉ ከደረቱ እስከ ወገቡ ይወርዳል፤ ከታች አራት ጣት የሚሆን ጥበብ ዞሮበታል። ሌሊቱን በበሩ ሥር የገባው አቧራ ጥበቡ ላይ ተጣብቆ ነጩን አመድ አስመስሎታል። መስቀያው ግን ከብረቱ ንቅንቅ አላለም። ባዶውን ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል።

ረዳቴ ደርሳ ስታየው ደነገጠች። «እትዬ፣ ማታ እኮ እኔው ራሴ ነኝ አስተካክዬ የሰቀልኩት!» አለች። እውነቷን ነው፤ ስትሰቅለው አይቻለሁ።

ልብስ የሚወድቀው ሌሊት ነው፤ መውደቅ የሚጀምረው ግን ቀን ነው። አንዲት ደንበኛ ትገባና እጅጌውን ሳብ አድርጋ ጥልፉን አይታ ትለቀዋለች። ሌላዋ ጫፉን አንስታ ክብደቱን ትመዝናለች። በእያንዳንዱ ንክኪ አንገቱ ወደ አንድ ጎን በትንሹ ይሸሻል፤ ዓይን አይለየውም። ወደ ማታ አንደኛው ትከሻ ከመስቀያው ጫፍ ይደርሳል። የቀረውን የጥበቡ ክብደት ይጨርሰዋል። በመንገዱ ከባድ መኪና ሲያልፍ የልብስ መደርደሪያው ብረት ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ይበቃል።

ይህንን ያወቅኩት በሱቅ ሥራ አይደለም። ከዚህ በፊት ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ፊኒሺንግና ፓኪንግ ክፍል ሠርቻለሁ። ቦሌ ለሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ሲጀምር መንግሥት ከገነባቸው የኢንዱስትሪ ፓርኮች የመጀመሪያው ነበር፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 20 ሼዶች ነበሩት። ስለ ፓርኩ ሲወራ ሰው የሚያስበው ረጃጅም የስፌት መስመሮችንና ማሽን ላይ ያጎነበሱ ልጆችን ነው። እኛ የነበርንበት ክፍል ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተረፈ ክር እንቆርጣለን፣ እንተኩሳለን፣ ዋጋና መጠን የሚነግረውን ወረቀት እናንጠለጥላለን፣ መስቀያ እናስገባለን፣ ፕላስቲክ እናለብሳለን፣ ካርቶን ውስጥ እንደረድራለን። አንድ ሸሚዝ በስንት እጅ አልፎ እኛ ዘንድ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች የተሳሳትነው ስሕተት ግን የሚታየው ባሕር ተሻግሮ ነው።

መስቀያ ገና እዚህ ቦሌ ለሚ ላይ ለምን ይገባል? በባየሩ፣ ማለትም ልብሱን ባዘዘው የውጭ ገዢ፣ አገር ሱቅ ውስጥ ካርቶኑን የሚከፍተው ሠራተኛ ልብሱን አውጥቶ በቀጥታ ብረቱ ላይ እንዲሰቅለው ነው። እዚያ የሰው ጉልበት ውድ ስለሆነ የመስቀሉን ሥራ እዚህ እንሠራላቸዋለን። ስለዚህ ባየሩ የመስቀያውን ዓይነት በቁጥር ለይቶ ያዛል። ለአዋቂ የላይ ልብስ የተለመደው 17 ኢንች፣ ማለትም 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለሕፃን ልብስ 10 እና 12 ኢንች አለ። ለሱሪና ለጉርድ ቀሚስ ሁለት መቆንጠጫ ያለው ይመጣል። የመስቀያው ትከሻ ላይ ጎድጎድ ያለ ጥርስ ይኑር አይኑር ሁሉ የሚወሰነው ባየሩ በሚልከው ወረቀት ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ሰፊ አንገት ያላቸው የሳቲን ሸሚዞች ላክን። መስቀያው ጥርስ የሌለው ለስላሳ ፕላስቲክ ነበር። ካርቶኑ ሲዘጋ ሁሉም በየቦታው ነበር፤ የመጨረሻውን ቁጥጥር ያደረግኩት እኔው ነኝ። ከሳምንታት በኋላ ባየሩ ፎቶ ላከልን። ካርቶኑ ተከፍቷል፤ ሸሚዞቹ በየፕላስቲካቸው ሥር ተሰብስበዋል፤ መስቀያዎቹ ብቻቸውን ከላይ ቀርተዋል። ተተኩሶ የሄደው ልብስ የታጠበ ጨርቅ መስሎ ነው የደረሰው። ፎቶውን ሳይ ያፈርኩትን አልረሳውም።

መንገዱን አስቡት። ከቦሌ ለሚ የወጣ ኮንቴይነር አዳማ ድረስ በ85 ኪሎ ሜትሩ የፍጥነት መንገድ ይሄዳል፤ እዚያ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ቁልቁለትና የተቦረቦረ አስፋልት አለ። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወደ ባሕር ወለል የሚወርድ ጉዞ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ እያንዳንዱ ጉድጓድ ልብሱን ትንሽ ይገፋዋል፤ ሱቄ ውስጥ የደንበኛ እጅ የሚያደርገውን ጉድጓዱ ያደርገዋል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር ብዙዎቻችን ደስ ያለን ለዚህም ጭምር ነበር።

ከዚያ ፎቶ በኋላ የተወሰደው እርምጃ ደግሞ የባሰ ነበር። የቅርብ አለቃችን ቸኩሎ በሁለት በኩል የሚጣበቅ ፕላስተር መስቀያው ላይ እንድንለጥፍ አዘዘ። ለጠፍን። ጅቡቲ ላይ ፀሐይ ባጋለው ኮንቴይነር ውስጥ ሙጫው ለስልሶ ወደ ጨርቁ ተሻገረ። ልብሶቹ ከመስቀያው አልወረዱም፤ ትከሻቸው ላይ ግን ቅባት የመሰለ ነጠብጣብ ይዘው ደረሱ። ሳቲን ላይ ያረፈ ሙጫ ደግሞ አይለቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብስን በሚጣበቅ ነገር መያዝን አምርሬ እቃወማለሁ።

በመጨረሻ ያዳነን ቀላል ነገር ነው። ካርቶኑን ልብሱ ልክ እንዲሞላው አሳጠርነው፤ የሚላወስበት ቦታ አጣ። የመስቀያዎቹን ቆልማማ ጫፍ አንዱን ወደ ራስጌ፣ ሌላውን ወደ ግርጌ እያደረግን በመፈራረቅ ደረደርን። የፕላስቲኩን የታች ጫፍ ወደ ላይ አጥፈን ከልብሱ ጀርባ አደረግነው። ለሰፊ አንገት ልብስ ደግሞ ጥርስ ያለው መስቀያ እንዲታዘዝና ከውስጥ በኩል ጥብጣብ እንዲሰፋበት ባየሩን ጠየቅን፤ እሺ አለ። ልብስ ተሰቅሎ በሚጓዝበት ኮንቴይነር ውስጥም ዘዴው ያው ነው፦ ከጣሪያው የሚወርደው ገመድ በየመሀሉ ስለተቋጠረ የመስቀያው ጫፍ ከቋጠሮ ቋጠሮ አልፎ አይንሸራተትም።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስትሰረዝ በፓርኩ ውስጥ ትእዛዝ የሚጠብቅ ሁሉ ልቡ ተሰበረ። እኔም ከፋብሪካው የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከእኔ ጋር ያጎነበሱት ልጆች ከየገጠሩ ከተማ የመጡ ጎበዞች ነበሩ። አንድ ልብስ በስንት ሰኮንድ እንደሚታጠፍ በጣታቸው ያውቁታል። ያ እውቀት እንዳይባክን እመኛለሁ፤ ይህንን የምጽፈውም በከፊል ለዚህ ነው።

ወደ ሱቁ ልመለስ። በገበያ የምናገኘው መስቀያ የተሠራው ለኮትና ለሸሚዝ ነው። የኮት ትከሻ በስፌት ቅርጽ ስለተሰጠው መስቀያው ላይ እንደ ባርኔጣ ይቀመጣል። የሐበሻ ቀሚስ እንዲህ አይደለም። ትከሻው ልል ነው፤ አንገቱ ለጥልፉ ሲባል ይሰፋል፤ ክብደቱ ሁሉ ከታች፣ ጥበቡ ላይ ነው። ስለዚህ የሐበሻ ቀሚስ ሲወድቅ የሰቀለችውን ልጅ መቆጣት ተገቢ አይደለም። መስቀያው ጠባብ ከሆነ አንገቱ ያመልጠዋል። ሰፊ ከሆነ ደግሞ ጫፉ እጅጌውን ወግቶ ጉብ ያደርገዋል፤ ፈትል አንዴ ከተለጠጠ በካውያ እንኳ አይመለስም።

በቦሌ ሱቆች የማያቸው መላዎች ብዙዎቹ ያሳዝኑኛል። መርፌ ቁልፍ አንዱ ነው። አንገቱን ከመስቀያው ጋር ይይዘዋል፤ ግን በክረምት እርጥበት ይዝግና ነጩ ላይ ቡናማ ነጥብ ይተዋል። ስፒልም ያው ነው፤ ሲለኩት ደንበኛን ይወጋል። የላውንደሪ ሽቦ መስቀያ ለነጭ ልብስ ፈጽሞ አይሆንም። ጥቁር ከፋይ የለበሰው ቀጭን መስቀያ አሁን በየሱቁ አለ። ጨርቁን በደንብ ይይዛል፤ ለሸሚዝና ለሽፎን እኔም እጠቀምበታለሁ። ከነጭ ፈትል ጋር ግን አላገናኘውም፤ ብናኙ ይረግፋል፣ እርጥበት ሲነካውም ቀለም ሊለቅ ይችላል። የእንጨቱ መስቀያ ቫርኒሽ ከተቀባ ያንሸራትታል፤ ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈገ ሰው ደግሞ ክሩ ሲመዘዝበት ያያል።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። ልብስ ሰፊዎች ዘንድ የሚቀር ቁራጭ ሸማ አለ፤ ሦስት ጣት ስፋት አድርጌ እቆርጠውና የመስቀያውን ሁለት ትከሻ እጠቀልልበታለሁ። ጫፉን በክር እሰፋዋለሁ፤ ሙጫ አይነካውም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሻካራ ነው። ሻካራው ሻካራውን ይይዛል፤ ነጭ ነጭን አያቆሽሽም። አንድ መስቀያ ለመጠቅለል አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ረዳቴ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ከሰዓት በኋላ ቡና እየተፈላ ሁለት ሦስት ትጠቀልላለች። አሁን ከግማሽ በላይ የሚሆነው መስቀያችን እንዲህ ለብሷል።

ነጠላና ጋቢ አልሰቅልም። ትከሻ የሌለውን ነገር ትከሻ ላይ ማዋል ትግል ነው። አጥፌ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ጥበቡ እንዲታይ ጠርዙን ወደ ፊት አደርጋለሁ። ማሳየት ካስፈለገ ቀሚሱን ለለበሰው አሻንጉሊት አለብሰዋለሁ።

ለከባድ ቀሚስ ግን የሸማ ጥቅል ብቻውን አይበቃም፤ ጥብጣብ ያስፈልጋል። በዚህ ጉዳይ ገርጂ ካሉት ልብስ ሰፊዬ ጋር ብዙ ተከራክረናል።

«ጋሼ፣ በጎንና በጎኑ ጥብጣብ ይግባበት» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ የፈረንጅ ልብስ ላይ ያለው ነገር አይደል? ገዢዋ ቤቷ ስትደርስ ቆርጣ ነው የምትጥለው። አንገቷ ላይ እየወጣ ያስጠላታል።»

እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ሰው ይቆርጠዋል። የሚቆረጠው ግን ትከሻ ላይ ስለሚሰፋና ስለሚረዝም ነው። ቀሚሱን ገልብጬ አሳየኋቸው። ጥብጣቡ የሚሰፋው ከብብት በታች፣ ከጎን ስፌቱ ጋር ነው። ታጥፎ ወደ ላይ ሲሳብ ከቀሚሱ ትከሻ አንድ ጣት ያህል ያጥራል። ስለዚህ ሲሰቀል ክብደቱን የሚሸከመው ጥብጣቡ እንጂ አንገቱ አይደለም፤ ሲለበስም ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ሳቲን ሪባን አይሁን፤ እሱ ራሱ ያንሸራትታል። የጥጥ ጥብጣብ ይሁን። ለአንድ ቀሚስ ለሁለቱም ጎን አንድ ሜትር አይሞላም። ወገቡ ላይ ስፌት ላለው የሙሽራ ቀሚስ ከዚያው ከወገቡ ቢነሳ ደግሞ የበለጠ ነው፤ የታችኛውን ክብደት ሁሉ ከትከሻው ላይ ያነሳለታል።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ያንን አቧራ የነካውን መነን፣ አጥበን የመለስነውን፣ ወስደው ከማሽናቸው ሥር አስገቡት። ሁለቱን ጥብጣብ ለመስፋት ቡና ከመጠጣት ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀባቸው። ቀሚሱ ሱቅ ተመልሶ በሩ አጠገብ፣ ሰው በብዛት በሚነካበት ቦታ ላይ ተሰቀለ። እስኪሸጥ ድረስ አሥራ አንድ ቀን ቆየ፤ አንድም ሌሊት አልወረደም። የገዛችው ልጅ ለጥምቀት ነበር የፈለገችው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? በዚያ ሰሞን ወለል ላይ የሚገኝ ቀሚስ ለባለሱቅ ምን ያህል እንደሚከብድ በሙያው ያለ ሰው ያውቃል።

ውጭ አገር የሚላከውም እንዲሁ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለች እህቷ ቀሚስ የምትልክ ደንበኛ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ኪሎው ነው፤ ሻንጣዋ 23 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ለመንገዱ ከመስቀያ አውጥቼ በወረቀት አጥፌ እሰጣታለሁ፤ ሻንጣ ውስጥ ያለ መስቀያ ጥልፍ ከመብሳት በቀር ጥቅም የለውም። ከደረሰ በኋላ ግን እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚጠብቀው ያው ለኮት የተሠራ መስቀያ ነው። ቀሚሱ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይለበሳል፤ የቀረውን ጊዜ ተሰቅሎ ይኖራል። ጥብጣብ ከሌለው ትከሻው በሁለት ዓመት ውስጥ ይለጠጣል።

ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔው ስንት ቀን ተቀምጦ የሠራውን ጥበብ ወለል ላይ ማየት አልፈልግም። ሰፊዎች ሆይ፣ ቀሚስ ስትጨርሱ ከብብቱ በታች ሁለት የጥጥ ጥብጣብ ጨምሩበት። የምታሰፉ እህቶችም ለልኬት ስትቆሙ ጠይቁ፤ ተሰፍቶላችሁ ካገኛችሁትም አትቁረጡት።