ሳይቆሙ መጠበቅ፦ የቤት ውኃን የሚከታተል ፕሮግራም እንዴት ይሠራል?

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለባሕር ዳር ሰው ከተረትነት ያልፋል። ከፔዳ ግቢ ብዙም ሳይርቅ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ይዞ ተንጣሏል፤ ዓባይም ከሐይቁ ወጥቶ ከተማዋን አቋርጦ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በሐይቅ ያለ ውኃና በቧንቧ የሚደርስ ውኃ አንድ አይደሉም። በብዙ የአገራችን ከተሞች የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ አቅም ያለው ቤተሰብ በተለምዶ ሮቶ የሚባለውን የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይሰቅላል። ውኃው ሌሊት መጥቶ ሌሊት ሊሄድ ይችላል። ታዲያ ፓምፑን ማን ያስነሣ? ሮቶው ሲሞላስ ማን ያጥፋ?

ይህን ሥራ ለአነስተኛ ኮምፒውተር መስጠት ዛሬ አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪው ኮምፒውተሩ ሥራውን ሳያቋርጥ እንዲሠራ ማድረጉ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

መሣሪያው ውኃውን እንዴት ያያል?

በሮቶው ክዳን ሥር የሚገጠመው ዳሳሽ ጆሯችን የማይሰማው 40 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ የገደል ማሚቶውንም ይጠብቃል። አየሩ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ውኃው ከዳሳሹ 1 ሜትር ቢርቅ ድምፁ ደርሶ ለመመለስ 6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ጊዜው ባጠረ ቁጥር ውኃው ወደ ላይ መጥቷል ማለት ነው። ልኬቱን የሚቀበለው እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ እንደዋለው ኢ.ኤስ.ፒ. 8266 ያለ፣ የዋይፋይ ግንኙነት ያለው ርካሽ ቺፕ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የት ላይ ነው?

ጀማሪ ፕሮግራመር ትእዛዞቹን በተርታ ይጽፋል፦ ውኃውን ለካ፤ ውጤቱን ወደ ባለቤቱ ስልክ ላክ፤ መልስ ጠብቅ፤ እንደገና ለካ። ኔትወርኩ ደኅና ሲሆን ይህ ይሠራል። ኔትወርኩ ሲጠፋ ግን ፕሮግራሙ «መልስ ጠብቅ» ከሚለው መስመር ላይ ይቆማል። ፓምፑ በደቂቃ 30 ሊትር የሚገፋ ቢሆንና ሮቶው ሊሞላ ሲቃረብ ፕሮግራሙ 10 ደቂቃ ቢቆም፣ እስከ 300 ሊትር ውኃ ይፈሳል፤ ይህም 15 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። በአማርኛ «መጠበቅ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ እዚህ ላይ ሁለቱ ይጋጫሉ። መሣሪያው ኔትወርኩን ሲጠብቅ ውኃውን መጠበቁን ይተዋል።

አንዲት ጋጋሪ፣ ሁለት ምጣድ

መፍትሔው አሲንክሮነስ የሚባለው የፕሮግራም አጻጻፍ ነው፤ እኛ «ሳይቆሙ መጠበቅ» ብንለው ያስኬዳል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ሁለት ምጣድ ጥዳለች እንበል። በአንደኛው ላይ ሊጡን አዙራ ታፈሳለች፤ ዓይን ሲያወጣ ትከድነዋለች። እስኪበስል ቆማ አትመለከተውም፤ ወደ ሁለተኛው ምጣድ ትዞራለች። እጇ ሁለት ብቻ ነው፤ ሥራዋ ግን በሁለቱም ምጣድ ይቀጥላል። ሁለት ሴቶች ቢጋግሩ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ጎን ለጎን መሥራት ይባላል።

ፕሮግራሙም እንዲሁ በተግባራት ይከፋፈላል፦ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ፓምፑን ያዛል፣ አንዱ መልእክት ይልካል። በፓይተን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2015 የገባው «አዌይት» የሚለው ትእዛዝ እንደ ምጣዱ አክንባሎ ነው፤ «ይህ እስኪደርስ ሌላው ይሥራ» ማለት ነው። ተራውን የሚያስተዳድረው ክፍል ኩነት ዙር ሊባል ይችላል፤ የቱ ተግባር እንደ ደረሰ እየተመለከተ ሥራ ያስቀጥላል። ማይክሮፓይተን በተባለው የፓይተን ዓይነት ይህ አሠራር በትንንሽ ቺፖችም ላይ ይሠራል።

ጋጋሪዋ ግን ደጃፍ ወጥታ ከጎረቤት ጋር ወሬ ብትጀምር ሁለቱም ያርራሉ። አንድ ተግባር ተራውን ሳይለቅ ረጅም ስሌት ቢይዝ ሌሎቹ በሙሉ ይታገታሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥበቃ የጊዜ ገደብ ሊኖረው ይገባል፤ ፕሮግራሙ ጨርሶ ሲደነዝዝ ቺፑን እንደገና የሚያስነሣ ዘበኛ ሰዓት ቆጣሪም ያስፈልጋል።

ከጉድጓዶች የምንማረው

ይህ ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቻሪቲ ዎተር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ከጉግል ባገኘው 5 ሚሊዮን ዶላር የውኃ ነጥቦችን ከሩቅ የሚከታተሉ ዳሳሾችን አሠርቶ በሰሜን ኢትዮጵያም ገጥሟል። በአፋር ደግሞ በጥልቅ ጉድጓድ ፓምፖች ላይ የተገጠሙ ዳሳሾች የኤሌክትሪክ ፍሰትን እየለኩ ፓምፑ መሥራት አለመሥራቱን በሳተላይትና በስልክ ኔትወርክ ሲያስታውቁ ቆይተዋል። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ግንኙነት ሲቋረጥ መለካቱ ሊቋረጥ አይገባም፤ ውጤቱ ተመዝግቦ ይቆይና መንገድ ሲገኝ ይላካል።

ለመልእክቱ ብዙዎች የሚመርጡት ኤም.ኪው.ቲ.ቲ. የተባለው ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ1999 የተነደፈው የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ነው። በዚህ ሥርዓት መሣሪያው ሲገናኝ «ኑዛዜ» ትቶ ይገባል፤ ድንገት ከጠፋ አገልጋዩ ኑዛዜውን ለባለቤቱ ያደርሳል። የመሣሪያው ዝምታ «ሁሉ ደኅና ነው» ተብሎ እንዳይተረጎም ይህ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ ፓምፑን የማጥፋት ውሳኔ ከውኃው አጠገብ ይሁን። ስልክና ኢንተርኔት ይወቁት እንጂ ፈቃድ አይጠየቁ። ለክፉ ቀንም በውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ኳስ የሚዘጋው ተራ መዝጊያ አይነቀል። ሁለተኛ፣ የዘገየ ትእዛዝ አደገኛ ነው። ጠዋት የተላከ «ፓምፑን አስነሣ» የሚል መልእክት ቀትር ላይ፣ ቧንቧው ከደረቀ በኋላ ቢደርስ ፓምፑ ያለ ውኃ ዞሮ ይቃጠላል። ስለዚህ ትእዛዝ ሁሉ የሚያበቃበት ሰዓት ይጻፍበት።

ይህን መሞከር የሚፈልግ ተማሪ ሮቶም ፓምፕም አያስፈልገውም። በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት ተግባር ይጻፍ፦ አንዱ ትንሽ መብራት በየሰከንዱ ያብራ፤ ሌላው በዋይፋይ መልእክት ይላክ። ከዚያም ዋይፋዩን ያጥፋው። መብራቱ ብልጭታውን ካላቋረጠ ፕሮግራሙ ሳይቆም መጠበቅን ተምሯል፤ ካቋረጠ ግን በመብራቱ ምትክ ፓምፕ ቢኖር ምን ይሆን እንደነበር ያስብና የቆመበትን መስመር ይፈልግ።