አራስ ቤት ስትገባ ያልተነገራት

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት በኦፕራሲዮን ወለደች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ገንፎውን በላን። በሰባተኛው ቀን ቁስሉ ውሃ ቢጤ ማዠት ጀመረ። «ሲድን ነው» አሉ ትልልቆቹ፤ እኔም ከሕግ በቀር ስለማላውቅ ዝም አልኩ። (ዛሬም ይቆጨኛል!) በማግስቱ ትኩሳቷ 39 ገባ። ሆስፒታል ተመልሳ ቁስሉ ተከፍቶ ታጠበ።

ጀርሙ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በቀዶ ጥገናው ሰዓት፣ ከእናቲቱ ከራሷ ቆዳና ከማህፀን በር አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፀረ ተህዋሲ መድኃኒቱ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ይሰጥ የሚለውም ለዚሁ ነው። ምጥ የረዘመባት፣ ስኳር ያለባት የበለጠ ትጋለጣለች። ምልክቱ ግን የሚታየው ከቀናት በኋላ፣ አራሷ ቤቷ ከገባች ወዲያ ነው። ቁስሉ ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ መግል ሲይዝ ወይም ትኩሳት ከ38 ሲያልፍ፣ ከማህፀን የሚወጣው ፈሳሽ ሲሸት ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ባለሙያው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል። ማመርቀዙ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ በጥንቃቄ መሀልም ይከሰታል። እኔን ያንገበገበኝ የመውጫ ወረቀቷ ነው። የቀጠሮ ቀን ተጽፎበታል፤ ስለ ትኩሳት አንድ ቃል የለበትም። ልጅቷ «ልክሰስ ወይ?» አላለችኝም። «ለምን አልነገሩኝም?» ነው ያለችኝ።