ጉድጓዱ ለምን ሞላ?

በአሶሳና በአካባቢዋ ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይበረታል። በእነዚህ ወራት ብዙ ሽንት ቤት ይሞላል፤ አንዳንዱም ይደረመሳል። «ጥልቀቱ አንሶ ይሆን?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ያለው መሬቱ ላይ ነው።

ሽንት ቤት ጎተራ አይደለም። የገባበትን ሁሉ አያከማችም። ውሃውን መሬት ይጠጣዋል። የቀረውን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጡራን እየበሉ ያሳንሱታል። መሬትም እንደ ሰው ይጠግባል። ክረምት ዝናብ ሲጠግብ የሽንት ቤቱን ውሃ አልጠጣም ይላል። ያን ጊዜ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል።

ስለዚህ ሽንት ቤት ሳትቆፍሩ መሬቱን ፈትኑት። ትንሽ ጉድጓድ ማሱና ውሃ አፍስሱበት። ጠጥቶ ሲጨርስ ማታ እንደገና አፍስሱበት። ጠዋት ውሃው እዚያው ካለ ያ ቦታ አይሆንም።

በከተማ የቧንቧ ውሃ የገባላቸው ቤቶች ሴፕቲክ ታንክ የሚባል የሲሚንቶ ጉድጓድ ያሠራሉ። እሱም ያለ መሬት አይሠራም። ከባዱ ነገር ይዘቅጣል። ቅባቱ ይንሳፈፋል። መሐል ያለው ውሃ በቱቦ ወደ ሌላ ጉድጓድ ያልፍና ይሰርጋል። ዝቃጩና ቅባቱ የታንኩን ሢሶ ሲይዙ በመኪና መመጠጥ አለበት። ባለቤቱ ዝም ካለ ዝቃጩ ከውሃው ጋር አልፎ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። አንዴ ከተደፈነ ታንኩን ማስመጠጥ ብቻውን አያድንም።

ለመሆኑ መሬት የጠጣው ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ታች ነዋ! የምትጠጡት የጉድጓድ ውሃም ያለው እዚያው ነው። አፈር እንደ ወንፊት ያጣራል፤ ግን ርቀት ይፈልጋል። ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ማለት 60 ክንድ ያህል ይራቅ። ከውሃው ጉድጓድ ቁልቁል ይሁን እንጂ ሽቅብ አይሁን። ስትቆፍሩ ውሃ ከፈለቀ «እሰይ፣ ጠለቀልን» አትበሉ። ቆሻሻው ሳይጣራ ከውሃው ይገናኛል፤ ሕፃናትን በተቅማጥ ይጥላል። ያን ጉድጓድ ተዉት።

ስለ ምስጥ እንኳ እናንተ ናችሁ እኛን የምታስተምሩን። የሽንት ቤቱ ወለል እንጨት ወይም ቀርከሃ ከሆነ ምስጥ ከውስጥ ይበላዋል። ላዩ ግን ደህና ይመስላል። ልጅ ገብቶ የሚወድቀው ይህን ጊዜ ነው። ግንቦት ሳይገባ ወለሉን በዱላ መታ መታ አድርጉት። ባዶ ድምፅ የሰጠውን እንጨት አውጥታችሁ ሌላ ተኩ። የሲሚንቶ ወለል ከተገኘ ምስጥ አይደፍረውም። በዙሪያው ደግሞ አፈር ቆልላችሁ ደልድሉ፤ ጎርፍ ይመልሳል።